ዩቲዩብ ወደ ፓኪስታን የሄደበት ምሽት

የካቲት 16 ቀን 2000 ዓ.ም. እሑድ ነበር። በአዲስ አበባ ሰዓት ከምሽቱ 3፡47 ላይ የፓኪስታን ቴሌኮም ኔትወርክ ለአንድ ጎረቤት ኔትወርክ አጭር መልእክት አስተላለፈ። ፍሬ ነገሩ በአንድ መስመር ያልቃል፤ «208.65.153.0/24ን የሚፈልግ ሁሉ ወደ እኔ ይምጣ» ይላል። ጎረቤቱ ሰማ፣ አመነ፣ ለሌሎች ጎረቤቶቹም ነገረ። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ወሬው ዓለምን አዳረሰ። አድራሻው ግን የዩቲዩብ ነበር። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ለሁለት ሰዓት ከ14 ደቂቃ ያህል፣ መጀመሪያ በአብዛኛው፣ ኋላም በከፊሉ ዓለም ዩቲዩብን ልክፈት ያለ ሰው ጥያቄው ወደ ዩቲዩብ ሰርቨሮች መድረሱ ቀርቶ ወደ ፓኪስታን እየተጓዘ እዚያ ይጣል ነበር።

የኮምፒውተር ኔትወርክ መሠረታዊ ትምህርት ስሰጥ ከኬብል ዓይነቶችና የኔትወርክን ሥራ በደረጃ ከሚከፍሉት ከሰባቱ የኦኤስአይ እርከኖች ይልቅ በዚህች ምሽት መጀመር እወዳለሁ። ሰባቱን እርከኖች ተማሪ ለፈተና ሸምድዶ በሳምንቱ ይረሳቸዋል። ይህችን ምሽት ደቂቃ በደቂቃ የተከታተለ ሰው ግን አድራሻ ምን እንደሆነ፣ መልእክትን ከኔትወርክ ወደ ኔትወርክ የሚያሻግረው መሣሪያ፣ ራውተር፣ መንገድ ሲመርጥ ምን እንደሚያይና ምን ጨርሶ እንደማያይ ከአእምሮው አይጠፋም። ደግሞም ምስጢር የለባትም። መቀመጫውን አምስተርዳም ያደረገው የአውሮፓና የመካከለኛው ምሥራቅ የአድራሻ መዝጋቢ፣ ራይፕ ኤንሲሲ፣ የራውተሮችን ንግግር ሌት ተቀን የሚቀርጹ ማሽኖች ስላሉት እያንዳንዱ መልእክት ከነሰዓቱ ተመዝግቦ ይገኛል።

ሦስት ቁጥሮች ያሉበት ደብዳቤ

ነገሩ የተጀመረው ከሁለት ቀን በፊት ነው። የፓኪስታን የቴሌኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን እስልምናን ያንቋሽሻል ያለውን ቪዲዮ ምክንያት አድርጎ የአገሪቱ የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪዎች ድረ ገጹን እንዲዘጉ አዘዘ። በትእዛዙ ላይ ሦስት የአይፒ አድራሻዎች ሰፍረው ነበር፦ 208.65.153.238፣ 208.65.153.251 እና 208.65.153.253። በዚያን ጊዜ ዩቲዩብ የሚለውን ስም በኮምፒውተሩ ላይ የጻፈ ሰው የሚደርሰው ከእነዚህ ወደ አንዱ ነበር። ስምን ወደ ቁጥር የሚለውጠው ዲኤንኤስ የተባለው አገልግሎት ነው፤ የዚህ ጉዳይ ቁልፍ ያለው ከቁጥሩ ዘንድ ስለሆነ በስሙ ላይ አንቆይም።

እነዚህን ቁጥሮች ቀረብ ብለን እንያቸው። በነጥብ የተለያዩ አራት ቁጥሮች ይምሰሉን እንጂ ለራውተሩ አንድ ረጅም የዜሮና የአንድ ሰልፍ ናቸው፤ እያንዳንዷ ዜሮ ወይም አንድ ቢት ትባላለች፤ ርዝመቱም 32 ቢት ነው። እያንዳንዱ ቁጥር 8 ቢት ስለሚይዝ ከ0 እስከ 255 ይደርሳል። ከአድራሻው በስተቀኝ የሚጻፈው እዝባርና ቁጥር ደግሞ ከግራ ተነሥተን ስንቱን ቢት እንደቆለፍን ይነግረናል። ባለሙያዎች ሲያወሩ «ስላሽ ሃያ ሁለት»፣ «ስላሽ ሃያ አራት» ይላሉ።

ዩቲዩብ ለዓለም ያስታወቀው ክልል 208.65.152.0/22 ነበር። ይህ ማለት 22 ቢት ተቆልፎ 10 ቢት ነፃ ቀርቷል ማለት ነው፤ ሁለት በራሱ አሥር ጊዜ ሲባዛ 1,024 አድራሻ ይሰጣል። የሦስተኛው ቁጥር ነገር ብዙ ተማሪ የሚደናቀፍበት ስለሆነ በእጅ ማስላቱ ይበጃል። 152 በዜሮና አንድ ሲጻፍ 10011000 ነው። ሃያ ሁለተኛው ቢት የሚያርፈው ከዚህ ቁጥር ስድስተኛው ላይ ስለሆነ 100110 የሚለው ተቆልፏል፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ቢቶች እንደፈለጉ ይለዋወጣሉ። 00 ሲሆኑ 152፣ 01 ሲሆኑ 153፣ 10 ሲሆኑ 154፣ 11 ሲሆኑ 155 ይሆናል። ስለዚህ የዩቲዩብ ግዛት ከ208.65.152.0 እስከ 208.65.155.255 የተዘረጋ ነበር። በትእዛዙ ላይ የሰፈሩት ሦስቱ አድራሻዎች የሚገኙት በሁለተኛው ሩብ፣ በ153ቱ ውስጥ ነው። ፓኪስታን የእኔ ነው ያለችውም ይህንኑ ሩብ፣ 256ቱን አድራሻ ብቻ ነው። ግን የተፈለገው ሁሉ ያለው እዚያ ነበር።

«ቦሌ ሚካኤል!»

መገናኛ ላይ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው አስቡ። የሚሄደው ቦሌ ሚካኤል ነው። አንዱ ረዳት «ቦሌ፣ ቦሌ፣ ቦሌ!» እያለ ይጣራል። ቆይቶ ሌላ ታክሲ ከኋላ ይመጣና ረዳቱ «ቦሌ ሚካኤል! የሞላ!» ይላል። ተሳፋሪው የትኛው ላይ ይወጣል? ያለ ጥርጥር ሁለተኛው ላይ። መንጃ ፈቃድ አይጠይቅም፣ መውጫ ወረቀት አያይም፣ ታክሲው ባለፈው ሳምንት የት መስመር ይሠራ እንደነበር አያጣራም። ይበልጥ ለይቶ የጠራለትን ያምናል።

ራውተርም እንዲሁ ነው። በውስጡ የመንገድ ሰንጠረዥ አለው፤ እያንዳንዱ ረድፍ «ወደዚህ የአድራሻ ክልል የሚሄድ በዚህ ጎረቤት በኩል ይለፍ» ይላል። ፓኬት፣ ማለትም አድራሻ የተጻፈበት የመረጃ ጥቅል፣ ሲመጣለት የመድረሻውን አድራሻ ከረድፎቹ ጋር ያስተያያል። አንድ ረድፍ ብቻ ከገጠመ በዚያ ይልካል። ሁለት ከገጠሙ ብዙ ቢት የተቆለፈበትን፣ ማለትም ጠበብ ያለውን ክልል ይመርጣል። /24 ከ/22 ይቀድማል። ከዚህ በላይ ክርክር የለም። የባለቤትነት ጥያቄ የሚነሣበት ቦታ በዚህ አሠራር ውስጥ አልነበረም።

አሠራሩን ሞኝ ነው ብሎ ለመናቅ አይቸኩሉ። በዚህ ዓይነት አድራሻ ሊሰየሙ የሚችሉት ነጥቦች 4.3 ቢሊዮን ገደማ ናቸው። ለእያንዳንዱ አንድ ረድፍ ቢያዝለት የትኛውም ራውተር አይችለውም። እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ አድራሻዎች እንደ ስፋታቸው በክልል እየተጠቀለሉ እንዲታወቁ የተደረገው ለዚህ ነው። ይህ በሆነበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2008፣ የዓለም ሰንጠረዥ 250 ሺህ ገደማ ረድፍ ነበረው። ጠባቡ ከሰፊው ይቅደም የሚለው ሕግ ደግሞ ለልዩ ሁኔታ በር ይከፍታል፤ ሰፊው ክልል በአንድ መንገድ እየሄደ ከውስጡ አንዱ ቁራጭ በሌላ መንገድ መሄድ ሲኖርበት ጠባብ ረድፍ መጨመር ይበቃል። ጥሩ መሣሪያ ነው። በዚያ ምሽት ጉዳት ያደረሰው ይኸው ጥሩ መሣሪያ ነው።

ታዲያ «ቦሌ! ቦሌ!» የሚሉት ረዳቶች እነማን ናቸው? ኢንተርኔት ብዙ አሥር ሺህ ራስ ገዝ ኔትወርኮች እርስ በርስ የተያያዙበት ነገር ነው። እያንዳንዱ መለያ ቁጥር አለው። የዚያን ጊዜው ዩቲዩብ 36561፣ ፓኪስታን ቴሌኮም 17557፣ ለፓኪስታን ወደ ውጭ መውጫ የነበረው የሆንግ ኮንጉ ፒሲሲደብሊው 3491 ነው። የእኛው ኢትዮ ቴሌኮምም 24757 የሚል ቁጥር አለው። እነዚህ ኔትወርኮች የሚነጋገሩበት ቋንቋ ቢጂፒ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1989 በቴክሳስ ኦስቲን በተካሄደ ስብሰባ ላይ ከርክ ሎሂድ እና ያኮቭ ሬክተር ምሳ እየበሉ በናፕኪን ላይ ነድፈውት ነው የተጀመረው። በዚያ ዘመን በኢንተርኔት ላይ የነበሩት ጥቂት ዩኒቨርሲቲዎች፣ የምርምር ተቋማትና ኩባንያዎች ነበሩ። መሐንዲሶቹ እንደ አንድ ዕድር አባላት ይተዋወቁ ነበር። ዕድርተኛ «ይህ ግቢ የእኔ ነው» ሲል ካርታ አውጣ የሚለው የለም። ቢጂፒም ያንን መተማመን ይዞ አደገ፤ ዕድሩ ከተማ፣ ከተማው ዓለም ሲሆን ሕጉ አልተለወጠም።

መጣያው ከአጥር ሲወጣ

ወደ ፓኪስታን እንመለስ። አንድን አድራሻ በአገር ውስጥ ለመዝጋት ከሚሠራባቸው መንገዶች ቀላሉ ይህ ነው፦ በራውተሩ ሰንጠረዥ ላይ «ወደዚህ ክልል የሚሄድ ፓኬት ይጣል» የሚል ጠባብ ረድፍ ይገባል፤ ከዚያም በአገሪቱ ያሉ ሌሎች ራውተሮች ፓኬቶቹን ወደዚያ መጣያ እንዲልኩ በቢጂፒ ይነገራቸዋል። ረድፉ ከዩቲዩብ /22 ጠበብ ያለ /24 ስለሆነ የአገሪቱ ራውተሮች ሁሉ ይመርጡታል። እስከዚህ ድረስ የታሰበው ነው። ወሬው ከአገር እንዳይወጣ ግን በድንበሩ ራውተር ላይ ማጣሪያ መኖር ነበረበት። ማጣሪያው አልነበረም፣ ወይም አልያዘም፤ ለአገር ውስጥ የታሰበው ቃል ሆንግ ኮንግ ገባ።

እዚህ ላይ ሁለተኛው ስሕተት ተፈጸመ፤ በእኔ ሚዛን ከፊተኛው የሚከብደው ይኸኛው ነው። ፒሲሲደብሊው ደንበኛው ፓኪስታን ቴሌኮም የትኞቹን አድራሻዎች ማስታወቅ እንደሚገባው ዝርዝር ይዞ፣ ከዝርዝሩ ውጭ የመጣውን መጣል ይችል ነበር። 208.65 ብሎ የሚጀምር የአሜሪካ አድራሻ በፓኪስታን ደንበኛ ዝርዝር ውስጥ የሚገኝበት ምክንያት አልነበረም። ግን የተባለውን ተቀበለ፤ ትልቅ ኔትወርክ ስለሆነም ከእሱ የሰሙት ሁሉ አመኑት። ተሳስቶ የጮኸ ረዳት አንድ ታክሲ ብቻ ያሳስታል። የተሳሳተውን ጥሪ ተቀብሎ በከተማው ድምፅ ማጉያ የሚያስተጋባ ተራ አስከባሪ ግን ከተማውን ሁሉ ያሳስታል።

በተጠቃሚው በኩል ምን ይታይ ነበር? «ድረ ገጹ የለም» የሚል መልእክት አይመጣም ነበር። ኮምፒውተር ከሰርቨር ጋር ከመነጋገሩ በፊት የሰላምታ ፓኬት ይልካል፤ ሰርቨሩ አጸፋውን ሲመልስና ኮምፒውተሩ መቀበሉን ሲያረጋግጥ ወሬ ይጀመራል። በዚያ ምሽት «ጤና ይስጥልኝ» የሚለው ፓኬት በአግባቡ ከቤት ወጣ፤ በመንገድ ላይ ያሉት ራውተሮች ሁሉ ያለ እንከን አሳለፉት፤ መጨረሻው መጣያ ሆነ። የጣለው ራውተር ጣልኩት ብሎ ካልተናገረ ላኪው ምንም አያውቅም። ያኔ በብዙዎቻችን ጠረጴዛ ላይ የነበረው ዊንዶውስ ኤክስፒ ሦስት ሰከንድ ጠብቆ ሰላምታውን ይደግማል፤ ስድስት ሰከንድ ጠብቆ ይሠልሳል፤ አሥራ ሁለት ሰከንድ ቆይቶ ተስፋ ይቆርጣል። በድምሩ 21 ሰከንድ ነው። በዚያን ጊዜ በኢንተርኔት ካፌ በደቂቃ እየከፈልን እንቀመጥ ለነበርን ሰዎች 21 ሰከንድ መጠበቅ ብርቅ አልነበረም፤ ገጹ ቀስ እያለ እየመጣ ነው ብለን ሌላ 21 ሰከንድ እንጨምር ነበር። መዘግየትና መሰወር ከተጠቃሚው ወንበር ላይ ሲታዩ አንድ መልክ አላቸው። ኔትወርክ የሚጠግን ሰው መጀመሪያ የሚለየውም ይህንኑ ነው፦ ፓኬቱ እየዘገየ ነው ወይስ ጭራሽ አይደርስም? አይደርስም ከሆነ እስከ የት ሄዷል? በመንገዱ ያሉትን ራውተሮች አንድ በአንድ የሚያሳየው ትሬስራውት የተባለው ትእዛዝ የተፈጠረው ለዚህ ጥያቄ ነው። ዩቲዩብን ፍለጋ የተነሣ መስመር ወደ ፓኪስታን ሲያመራ ያየ ባለሙያ ሌላ ማስረጃ አያሻውም።

ሰማንያ ደቂቃ

በካሊፎርኒያ እሑድ ጠዋት 10፡47 ነበር፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ማለቴ ነው። ዩቲዩብ ጉግል በ1.65 ቢሊዮን ዶላር ከገዛው ሁለት ዓመት አልሞላውም። የራሳቸው ራውተሮች ጤናማ ናቸው፤ ሰርቨሮቹ በርተዋል፤ ኬብል አልተቆረጠም። ቤቱ ቆሞ የመንገዱ ምልክት ሁሉ ወደ ሌላ ከተማ ዞሯል። እንዲህ ያለውን ብልሽት ከውስጥ ሆኖ ማወቅ ከባድ ነው፤ የራስህን ዕቃ ብትመረምር ሁሉም ደኅና ነው ይልሃል። ደንበኛው ሲጠፋ ግን ይታወቃል።

የዩቲዩብ የመጀመሪያ ምላሽ በመዝገቡ ላይ የሚታየው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 5፡07 ላይ ነው፤ ሰማንያ ደቂቃ ካለፈ በኋላ። እነሱም 208.65.153.0/24ን አወጁ። አሁን ሁለት ሰው በአንድ ስም «ቦሌ ሚካኤል!» እያለ ነው። ስፋታቸው እኩል ከሆነ ራውተሩ ወደ ሌላ መመዘኛ ይሻገራል፤ ከመመዘኛዎቹ አንዱ መንገዱ በስንት ራስ ገዝ ኔትወርኮች ውስጥ ያልፋል የሚለው ነው። ለዩቲዩብ የሚቀርቡት ተመለሱ፤ ለፒሲሲደብሊው የሚቀርቡት ከፓኪስታን ጋር ቀሩ። ዓለም ለሁለት ተከፈለ።

ከአሥራ አንድ ደቂቃ በኋላ፣ 5፡18 ላይ፣ ዩቲዩቦች የወሰዱትን እርምጃ እወደዋለሁ። የተወሰደባቸውን መሣሪያ ራሳቸው አነሡት። /24ን ለሁለት ሰንጥቀው 208.65.153.0/25 እና 208.65.153.128/25 ብለው አወጁ። እነዚህ ከፓኪስታኑ /24 ይጠባሉ፤ የሰማቸው ራውተር ሁሉ ያለ ማወላወል ወደ ዩቲዩብ ይዞራል። ልብ ላለ ሰው ሦስቱ አድራሻዎች፣ 238፣ 251 እና 253፣ ሁሉም ከ128 በላይ ናቸው። ለእነሱ ወሳኙ የላይኛው ግማሽ ነበር፤ ታችኛው አጃቢ ነው።

የሰማቸው ራውተር ሁሉ ያልኩት በምክንያት ነው። ብዙ ኔትወርኮች ሰንጠረዣቸው በጥቃቅን ረድፎች እንዳይጥለቀለቅ ከ/24 የጠበበ ማስታወቂያ አይቀበሉም። ሁለቱ /25ዎች የደረሱባቸው ተፈወሱ፤ በር የተዘጋባቸው በነበሩበት ቀሩ።

5፡51 ላይ አንድ ትንሽ ነገር በመዝገቡ ላይ ይታያል። ከፓኪስታን በፒሲሲደብሊው በኩል የሚመጡት ማስታወቂያዎች ሁሉ 17557 የሚለውን ቁጥር ሁለት ጊዜ ደጋግመው መጡ። ይህ የታወቀ ዘዴ ነው፤ ስምን በመደጋገም መንገዱን በሰው ሠራሽ መልኩ ያረዝሙታል፤ የረዘመው መንገድ እኩል ስፋት ካለው ተወዳዳሪ ጋር ሲመዘን ይሸነፋል። ተጨማሪ ራውተሮች ወደ ዩቲዩብ ዞሩ። አሥር ደቂቃ ቆይቶ፣ ከሌሊቱ 6፡01 ላይ፣ ፒሲሲደብሊው ከ17557 የመነጩትን ማስታወቂያዎች ሁሉ አነሣ። ነገሩ አበቃ። ፓኪስታን ግን ጨርሳ አልተቆረጠችም፤ በ17557 በኩል የሚያልፉ ሌሎች የአገሪቱ ኔትወርኮች ማስታወቂያቸው እንደቀጠለ ነበር።

በዚያ ሁሉ ጊዜ በፓኪስታን በኩል ስለነበረው ሁኔታ አለማንሣት ደግሞ ሚዛን ያጎድላል። የአንድን አገር ዩቲዩብ ለመዝጋት የተዘጋጀ መስመር የዓለምን የዩቲዩብ ጥያቄ ተሸክሟል። ፓኬት ከመጣሉ በፊት መድረስ አለበት፤ ለመድረስም የአገሪቱን መስመር ይሞላል። ጎረቤት እንዳይገባ በሩን ሊዘጋ የተነሣ ሰው የሰፈሩን ሁሉ እግር ወደ ግቢው ጠራ።

ካርታ የጠየቁ ራውተሮች

ይህ ዓይነቱ ስሕተት አዲስ አልነበረም። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1997 መለያ ቁጥሩ 7007 የሆነ አንድ አነስተኛ ኔትወርክ የሌሎችን አድራሻዎች በጠባብ በጠባቡ ቆራርጦ የራሱ አስመስሎ በማወጁ የኢንተርኔትን ትልቅ ክፍል አናግቷል። ሁሉም ተደናገጠ፣ ሁሉም ማጣሪያ ይኑር አለ፤ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላም ማጣሪያው በሌለበት ቦታ ያው ነገር ተደገመ። የማጣሪያ ዝርዝር በእጅ ሲያዝ አሰልቺ ሥራ ነው። ደንበኛ አዲስ አድራሻ ባገኘ ቁጥር ዝርዝሩ ይታደሳል፤ ያላደሰው አይቀጣም፤ ጉዳቱም የሚያርፈው በሌላው ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የዓለም አምስቱ የአድራሻ መዝጋቢዎች ሌላ ነገር አመጡ። አፍሪካን የሚያገለግለው፣ መቀመጫውን ሞሪሸስ ያደረገው አፍሪኒክ ከእነሱ አንዱ ነው። ያመጡትን ነገር አርፒኬአይ ይሉታል፤ ለእኛ ሰው የቤት ካርታ ብለው ይቀላል። የአድራሻው ባለቤት «208.65.152.0/22ን ማወጅ የሚችለው 36561 ብቻ ነው፤ እስከዚህ ድረስ ሊጠብ ይችላል» የሚል ሰነድ በዲጂታል ፊርማ አትሞ ያስቀምጣል። ራውተሮች ማስታወቂያ ሲደርሳቸው ከሰነዱ ጋር ያመሳክራሉ። በዚያ ምሽት ቢኖር ኖሮ 17557 ያወጀው /24 በስም አልተስማማምና «ሐሰተኛ» ተብሎ፣ በሚያጣሩት ኔትወርኮች ደጃፍ ላይ ይወድቅ ነበር።

መሥራቱን ከአንድ አድራሻ ታሪክ ማየት ይቻላል። የካቲት 2021 በፈረንጅ አቆጣጠር፣ በምያንማር መፈንቅለ መንግሥት በተደረገ በቀናት ውስጥ፣ አንድ የዚያ አገር ኔትወርክ ትዊተርን ለመዝጋት ሲል 104.244.42.0/24ን አወጀ፤ ማስታወቂያው ከአገር ሾልኮ ወጣ። ትዊተር ከዚያ በኋላ ለዚያ ክልል ካርታ አወጣ። መጋቢት 2022 አንድ የሩሲያ ኔትወርክ ያንኑ ክልል፣ በዚያው ዓይነት ምክንያት፣ በዚያው መንገድ አወጀ። በዚህኛው ጊዜ ብዙ ትልልቅ ኔትወርኮች ካርታ አመሳክረው ጣሉት፤ ስርጭቱም ውስን ሆኖ ቀረ። ከፓኪስታኑ ምሽት ጋር ሲነጻጸር የሰው ስሕተት አንድ ነው፤ የተለወጠው የሰሚው ጠባይ ነው።

ካርታው ግን ሁሉን አይፈታም። የሚያረጋግጠው መነሻውን ብቻ ነው። አንዱ ተንኮለኛ መነሻው 36561 ነው ብሎ፣ እኔ መሸጋገሪያ ነኝ ብሎ ቢያውጅ የካርታው ስም ይስማማለታል። መንገዱን ራሱን ደረጃ በደረጃ ማረጋገጥ ሌላ ሥራ ነው፤ መሐንዲሶች እስካሁን እየለፉበት ነው።

ባለፈው ይህንን ሳስተምር አንዲት ተማሪ እጇን አነሣች። «መምህር፣ ዩቲዩብ /25 ሲል ፓኪስታንም /25 ብትልስ?» አለች። ጠመኔውን ሰጠኋት። ወደ ሰሌዳው ወጥታ የላይኛውን ግማሽ ትሰነጥቅ ጀመር። /26 ላይ ከ192 እስከ 255፤ ሦስቱም አድራሻዎች ውስጥ ናቸው። /27 ላይ ከ224 እስከ 255፤ አሁንም ሦስቱም አሉ። /28 ላይ 238 ከሁለቱ ተለየ። /30 ላይ 251 እና 253ም ተለያዩ። ከዚያ ወዲያ ለእያንዳንዱ አድራሻ የራሱን ረድፍ መጻፍ ብቻ ነው የቀረው፤ /32 ብላ ሦስት ጊዜ ጻፈች።

«ከዚህ በታች የለም» አለች።

ከ/24 በታች ያለውን ከዓለም ራውተሮች ስንቱ ይሰማዋል ብዬ ጠየቅኳት። ሰሌዳውን ትንሽ አየችና ከ/25 ጀምሮ የጻፈችውን ሁሉ በመዳፏ አጠፋችው።